ሁሉም የሰማው ቤዝ

መስከረም 22

ለተከበሩት አጎቴ፣

ይህ ወረቀት እጅዎ ሲገባ ጤናዎ እርስዎ እንደጠገኑት ሞተር ያለ ኮሽታ የሚሄድ ይሁን። አክስቴን በእኔ ስም ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ እምቢ ካለች «የእህቴ ልጅ ናት ያዘዘችኝ» ይበሏት። እኔ ደህና ነኝ። ሥራዬም ያው ነው፤ በአረጋውያን መኖሪያው ሽማግሌዎችን አነሳለሁ፣ አስቀምጣለሁ፣ የጠፋ መነጽር እፈልጋለሁ። ብዙውን ጊዜ ግንባራቸው ላይ አገኘዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎ ሰው ሁለት ስፒከር ይዞልዎ ይመጣል። የመሥሪያ ቤታችን የጥገና ሠራተኛ ወደ ጠባብ ቤት ሲዛወር ለእኔ ለቀቀልኝ። አስቀድሞ ግን ቤቱ ወስዶ አሰማኝ። አጎቴ፣ ዘፋኟ ከሁለቱ ሳጥኖች መሃል፣ ምንም ከሌለበት ቦታ ቆማ ስትዘፍን ሰማሁ። ወፍራሙ ድምፅ፣ ቤዙ፣ በወንበሩ አልፎ ወገቤ ድረስ መጣ። ወዲያው እርስዎ ትዝ አሉኝ። ሰው ሁሉ «ጋሽ ጆሮ» የሚልዎ፣ የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተር ላይ ተክለው፣ እጀታውን ጆሮዎ ላይ ደግነው የከባድ መኪና በሽታ የሚያውቁ ሰው፣ ቤትዎ ሲገቡ በዚያ በሚያንቋርር ቴፕ ዘፈን መስማትዎ ያንገበግበኝ ነበር።

መመሪያው ስለጠፋ መመሪያው እኔ ነኝ። የኤሌክትሪክ ገመድ ያለው አንዱ ሳጥን ብቻ ነው፤ አይደንግጡ፣ አልተሰረቅንም። ማጉያው በእሱ ሆድ ውስጥ ነው፤ ሌላው ጉልበት የሚያገኘው ሁለቱን በሚያገናኘው ሽቦ ነው። አብረውት ካሉት ገመዶች ቀጭን ጫፍ ያለውን የቴፕዎ ማዳመጫ ቀዳዳ ላይ ይሰኩ። ሌላኛው ጫፉ ቀይና ነጭ ሆኖ ለሁለት ይከፈላል፤ እሱ በባለ ገመዱ ሳጥን ጀርባ ቀይ በቀይ፣ ነጭ በነጭ ይገባል። ድምፁን ዝቅ ሳያደርጉ መብራት እንዳይሰጡት፤ አክስቴ ጣሪያው ወደቀ ትላለች። ሳጥኖቹን ከግድግዳው ፈቀቅ አድርገው በተቀመጡበት በጆሮዎ ከፍታ ያኑሯቸው። እርስዎም ከሁለቱም እኩል ርቀው መሃል ለመሃል ይቀመጡ።

ሁለቱን ሳጥኖች ስለሚያገናኘው ሽቦ አልጽፍም። ለመካኒክ ስለ ሽቦ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው።

አክባሪዎ የእህትዎ ልጅ፣
ሚጡ

ጥቅምት 25

ለምወድሽ ለሚጡዬ፣

እጅሽ ይባረክ፣ የረገጥሽው መሬት ይመችሽ፣ የምታነሻቸው ሽማግሌዎች ምርቃታቸው ይድረስሽ። የላክሽው ሰው በሰላም ገባ፤ ሳጥኖቹም አንድ ጭረት የላቸውም።

የዚያኑ ዕለት ሰካኋቸው። አክስትሽ የልብስ ስፌት መኪናዬ ከጠረጴዛው ላይ አይነሳም ብላ ግማሽ ቀን ተከራከርን። በመጨረሻ የስፌት መኪናው አልጋ ሥር ገባ፤ እኔም ተከትዬው ልገባ ምንም አልቀረኝም ነበር። ከዚያ አክስትሽ በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ ላለፈ ላገደመው «ልጃችን ከባሕር ማዶ የላከችው ነው» ትል ጀመር። ከጋራዤ አጥር ለአጥር የሚሠራው ጎማ ጠጋኙ መጣ። ገና ሳይቀመጥ «ቤዙ ደረቴን መታኝ!» ብሎ ደረቱን ይዞ ቆመ። ፀጉር ሠሪዋ ጎረቤታችንም «ዘፋኟ እዚሁ ያለች እኮ ነው የሚመስለው» አለች። አክስትሽ በኩራት ቤቱ ጠበባት።

ድምፁ ግሩም ነው። ምን ይወጣለታል።

እንዲያው ለማወቅ ያህል፣ አንቺ የሰማሽ ጊዜ የተቀመጥሽው በምን ዓይነት ወንበር ላይ ነበር? ዘፋኟስ መሃል መቆሟ በደንብ ይታወቅ ነበር ወይስ መስሎሽ ነው?

አጎትሽ

ኅዳር 12

ለተከበሩት አጎቴ፣

ሰላምታዬ ከእግርዎ እስከ ራስዎ ይድረስ። ሳጥኖቹ በሰላም መድረሳቸውን ስሰማ እፎይ አልኩ፤ መንገድ ላይ ተሰብረው ይሆናል ብዬ እንቅልፍ አጥቼ ነበር።

ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። አንድ ጊዜ ስለ አውቶብስ ቫልቭ ጩኸት ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፈውልኛል፤ «እንደ ተቆጣች አማት» ያሉት አሁንም ያስቀኛል። ለእኔ ስፒከር የደረሰው ግን «ግሩም ነው» ብቻ ነው? ቫልቩ በለጠኝ ማለት ነው? የትኛውን ካሴት አስቀደሙ? ምን ሰሙ? ይጻፉልኝ እንጂ።

የተቀመጥኩት ተራ የእንጨት ወንበር ላይ ነበር። ዘፋኟ ደግሞ መሃል ነበረች፤ መስሎኝ አይደለም፣ ጣቴን ቀስሬ ላሳይዎ እችል ነበር።

ሌላው፣ ስልክ ስደውል አክስቴ «ሥራ ላይ ነው» ትለኛለች። ድሮ እሁድ እሁድ ከእጇ ነጥቀው ነበር የሚያወሩኝ። አሁን እሁድም ሥራ ላይ ነዎት?

ሚጡ

ታኅሣሥ 20

ለሚጡዬ፣

መልሴ ስለዘገየ አትቀየሚኝ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት፤ የእጅ ጽሑፌ አላምር ብሎኝ ነው። አክስትሽ ደህና ናት፣ ሰላም ትልሻለች። ስፒከሮቹም ደህና ናቸው። አቧራ እንዳይነካቸው ጨርቅ አልብሳቸዋለች።

አንድ ወዳጄ ጠይቅልኝ ስላለኝ ነው፤ እዚያ የምትሠሪበት ቤት ሽማግሌዎቹ ጆሯቸው ላይ የሚያደርጉት የመስሚያ መሣሪያ አለ አይደል? እሱ እንዴት ነው የሚሠራው? ድምፁን ሁሉ ያመጣል ወይስ የሰውን ንግግር ብቻ? ለምሳሌ ከብረት ውስጥ የሚመጣን ድምፅ ሊለይ ይችላል? ወዳጄ ሰው እንዳያውቅበት ስለሚፈልግ ትንሽ የሆነውን ነው የሚመርጠው።

ሌላው ወሬ፣ ጋራዡን ለጎማ ጠጋኙ ላከራየው አስቤያለሁ። ጉልበቴ አስቸግሮኛል። ሰው ሁልጊዜ መኪና ሥር እየገባ አይኖርም። ጎማ ጠጋኙ ቦታው ጠብቦት ስለነበር ደስ ብሎታል፤ ወረቀት እናዘጋጅ እያለኝ ነው። አክስትሽ ገና አልሰማችም።

ወዳጄ መልሱን ይጠብቃል።

አጎትሽ

ጥር 4

ለተከበሩት አጎቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። ለወዳጅዎም ጤና ይስጥልኝ።

ስለ ወዳጅዎ ጥቂት ልጠይቅ። ወዳጅዎ ካቻቢቴ ይይዛል? እሁድ እሁድ ስልክ ሲጠራ ወደ ጓሮ ይወጣል? አክስቴ የምትባል ሚስት አለችው?

አጎቴ፣ እኔ ቀኑን ሙሉ የምውለው እነዚህ መሣሪያዎች ከጆሮ ላይ እየወደቁ ሾርባ ውስጥ ሲገቡ በማውጣት ነው። «ለወዳጄ ነው» ብለው የሚጀምሩ ስንት ሽማግሌዎች አውቃለሁ መሰለዎ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። እናቴ ካረፈች ወዲህ ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት፤ ጉሮሮዬ ሲከረክረኝ እንኳ ከሳሌ ቀድመው ያውቁት ነበር። ታዲያ እኔ የእርስዎን ነገር ከአንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ አጣዋለሁ?

ምን ሆነው ነው? የትኛው ጆሮ ነው? ያምዎታል ወይስ ይደፈናል? መቼ ጀመረዎ? ሐኪም አየዎት? ምንም ሳያስቀሩ ይጻፉልኝ። መሣሪያ ካስፈለገ እኔ ጥሩውን እፈልጋለሁ፤ እሱ ቀላል ነው።

አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። ከእኔ መልስ በፊት ጋራዡን እንዳያስረክቡ። ስለ ጉልበትዎ የጻፉትን አላምንም። ጉልበትዎ ቢያምዎ ኖሮ ጉልበትዎን ይሳደቡ ነበር እንጂ «ሰው ሁልጊዜ መኪና ሥር እየገባ አይኖርም» ብለው እንደ ሰባኪ አይጽፉም ነበር።

የምትወድዎ
ሚጡ

ጥር 24

ሚጡዬ፣

ሰላምታዬ ሳይጎድል ወደ ነገሩ ልግባ፤ ካመነታሁ ይህንንም ወረቀት እቀደዋለሁ። አዎ፣ ወዳጄ እኔ ነኝ። ካቻቢቴም ይይዛል።

ስፒከሮቹን የከፈትኩ ቀን አንቺ እንዳልሽው መሃል ለመሃል ተቀመጥኩ። ዘፋኟ መሃል የለችም። ግራም የለችም፣ ቀኝም የለችም። ከኋላዬ ትሁን ከጣሪያው በላይ አላውቅም፤ ድምፅዋ ብትንትን ብሎ ቀረ። ወገቤ ድረስ መጣ ያልሽው ቤዝ ደብዛው የለም። ጆሮዬም መኪና ቁልቁለት ሲወርድ እንደሚደፈነው ድፍን አለ። አንዱን ጆሮ በእጄ ሸፈንኩ፣ ሌላውን ሸፈንኩ፤ ሁለቱም ያው። «ምነው ይሄ ነገር» ልል አፌን ስከፍት ጎማ ጠጋኙ «ቤዙ ደረቴን መታኝ!» ብሎ ጮኸ። ፀጉር ሠሪዋ ዘፋኟን በዓይኗ ያየቻት ይመስል ነበር። አክስትሽም ራሷን እየነቀነቀች ትስቃለች። ሁሉም ሰምቶ እኔ ብቻ ካልሰማሁ ጥፋቱ የማን ነው? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል ለሐሜት ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ በቁም ነገርም ይደርሳል።

ስፒከሮቹን እንዳትጠረጥሪ። አሠራሬ እንከን የለውም። ሽቦውን እንኳ ያሰርኩት በከባድ መኪና ደንብ ነው። ከባድ መኪና ሁለት ባትሪ አለው፤ የአንዱ ቀይ ከሌላው ጥቁር ጋር ሲያያዝ ጉልበታቸው ይደመራል። እኔም የአንዱን ሳጥን ቀይ ከሌላው ጥቁር አሰርኩ። የተረፉት አንድ ጥቁርና አንድ ቀይ ነበሩ፤ እነሱንም እርስ በርስ አገናኘኋቸው። ባትሪ ቢሆን ይነድ ነበር፤ ይሄ ግን ዝም አለ፤ ስለዚህ ተስማምቶታል ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ጋራዥ ውስጥም ጆሮዬን ማመን ተውኩ። ባለፈው ወር አንድ የጭነት መኪና ሹፌር «ሞተሬ ደስ አላለኝም» ብሎ መጣ። ካቻቢቴውን ተከልኩ። ከታች፣ ፒስተኖቹ ከሚያዞሩት ዘንግ ከክራንኩ በኩል፣ ኳ ኳ የሚል ወፍራም ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። ቤዝ የማይሰማ ሰው ወፍራም ድምፅ ሰማሁ ቢል ማን ያምነዋል? በእኔ ቃል ሞተሩን አስወርዶ ባዶ ቢሆንስ? «እኔ ምንም አልሰማሁም፣ ሌላ ቦታ አሳየው» ብዬ ሰደድኩት። ሹፌሩ ትክ ብሎ አየኝና ሄደ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ስልክሽንም የማላነሳው ስትናገሪ ሳልሰማሽ ቀርቼ እንዳትደነግጪ ነው።

ሚጡ፣ እኔ ትምህርት የለኝም፣ መሬት የለኝም። ያለኝ ጆሮዬ ነው። እሱ ከሄደ እኔ ማን ነኝ?

ስለለመንሽኝ ወረቀቱን አቆይቼዋለሁ፤ ከየካቲት ግን አያልፍም። ለአክስትሽ ትንፍሽ እንዳትይ። በእኔ ሞት።

አጎትሽ

የካቲት 5

አጎቴ፣

የዛሬ ሰላምታዬ አጭር ነው፤ ይቅርታዎን። ይህን ወረቀት የያዘው ሰው ነገ ጠዋት ይበራል። ስልክ እንዳልደውል እርስዎ አያነሱም፤ ለአክስቴ እንዳልነግራት በሞትዎ አስረውኛል።

ጆሮዎ ደህና ነው። ደግሜ ልጻፈው፤ ጆሮዎ ደህና ነው!

የባትሪውን ነገር ሳነብ ደብዳቤውን ይዤ ወደ ጥገና ሠራተኛው ሮጥኩ። ቃል በቃል ተረጎምኩለት። እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ «ይህ ሰው የሰማውን ብዙ ሰው አይሰማውም» አለ።

ስፒከር ባትሪ አይደለም። ከፊቱ ያለው ክብ ነገር ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተንቀሳቀሰ አየር ይገፋል። ሁለቱም አብረው መግፋት፣ አብረው መሳብ አለባቸው። እርስዎ ቀዩን ከጥቁር ስላሰሩት አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል። ሁለት ሰው አንድ የቆመ መኪና አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ሆኖ ቢገፋ ምን ይሆናል? ሁለቱም ላብ በላብ ይሆናሉ፤ መኪናው ግን ንቅንቅ አይልም። ቤዙን እርስ በርስ ተበላሉት። ዘፋኟም መቆሚያ አጣች። ደግሞ ዕድሜ ጆሮን ሲሰርቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከቀጭኑ ድምፅ ነው እንጂ ከወፍራሙ አይደለም፤ ይህን እዚህ በየቀኑ አየዋለሁ።

አሁን እንዲህ ያድርጉ። መጀመሪያ ምንም ሳይነኩ ከፍተው ጆሮዎን ከአንዱ ሳጥን ፊት ያስጠጉ፤ ቤዙን እዚያ ያገኙታል። ወደ ሌላው ይሂዱ፤ እዚያም አለ። ወደ መሃል ሲመለሱ ይጠፋል። ከዚያ መብራቱን ይንቀሉና በአንደኛው ሳጥን ጀርባ ሁለቱን ሽቦዎች ያቀያይሩ፤ ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር እንዲሆን። በአንደኛው ብቻ! በሁለቱም ካቀያየሩ ዞሮ ዞሮ ያው ነው።

ይህን መጀመሪያ መጻፍ ነበረብኝ፤ መካኒክ ነው ብዬ አፈርኩ። እነዚያን ቤዝ ሰማን ያሉትን ሰዎች ግን ምን እንደሰሙ ይጠይቁልኝ።

ሚጡ

የካቲት 18

ለዓይኔ ብርሃን ለሚጡዬ፣

ክፉ አይንካሽ፣ ጠላት አይይሽ፣ የልብሽ መሻት ይሙላልሽ። ደብዳቤሽን ያነበብኩት ጋራዡ በር ላይ ቆሜ ነው። «ጆሮዎ ደህና ነው» የሚለው ላይ ስደርስ ቁልፉን ጥዬ ወደ ቤት ሮጥኩ። ጉልበቴን ያመኛል ብዬሽ ነበር አይደል? በሩጫ ማንም አልቀደመኝም።

ጨርቁን ገፍፌ ከፈትኩት። ጆሮዬን ወደ አንዱ ሳጥን አስጠጋሁ፤ ቤዙ አለ። ወደ ሌላው ሄድኩ፤ አለ። መሃል ተቀመጥኩ፤ የለም። እንዴት ይህን አንድ ቀን እንኳ ሳልሞክር! መኪና ቢሆን እኮ በየብሎኑ እዞረው ነበር፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ዕቃ ይሳሳታል ብዬ አላሰብኩም። መብራቱን ነቅዬ ሽቦውን አቀያየርኩ። መልሼ ከፈትኩት። ወንበሬ ጋ ሳልደርስ ቤዙ ቀድሞኝ ደረሰ። ዘፋኟም መጥታ ከጠረጴዛው በላይ፣ ምንም ከሌለበት ቦታ ቆመች። ጣቴን ቀስሬ «ይቻትና!» አልኩ፤ ክፍሉ ውስጥ ግን ማንም አልነበረም። ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

አክስትሽ እጇን በፎጣ እያደረቀች ከጓዳ ወጣች።

«ምን አደረግከው?» አለች።

«ምነው?»

«ዛሬ እኮ ዘፈን ይመስላል!»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ራስሽን እየነቀነቅሽ የምትስቂው ምን ሆነሽ ነው?»

«ምን ላድርግ? ልጅቷ ከስንት አገር ያሻገረችውን ከጣሳ ውስጥ የወጣ ድምፅ ነው ልበል? አንተ ደግሞ ዝም ስትል ወዶት ነው ብዬ ነዋ!»

ያን ጊዜ የደበቅኩትን ሁሉ ዘረገፍኩላት። መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ በፎጣው መታችኝ፣ ከዚያ እሷም አለቀሰች። «ይህን ሁሉ ጊዜ ደንቁሬያለሁ ብለህ አጠገቤ ስትተኛ አልነገርከኝም?» አለች። በሞቴ ያሰርኩሽንም ነገርኳት፤ እሱ ደግሞ ሌላ የፎጣ ምት አስከተለብኝ።

አመሻሽ ላይ ጎማ ጠጋኙ የኪራይ ወረቀቱን ይዞ መጣ። ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩትና ከፈትኩለት። ደረቱን ያዘ፤ አሁን የእውነቱን ነው።

«ጋሽ ጆሮ፣ ይሄ ነገር ቤዝ አለው እንዴ?»

«ያኔ ደረትህን የመታህ ምን ነበር?»

አንገቱን ደፋ። «ከሩቅ አገር የመጣ ነው ተባልኩ። እርስዎ ደግሞ በድምፅ ነገር ማን ይስተካከልዎታል? ዝም ብለው ሲያዳምጡ ሳይ ሁሉም እየሰማ ነው፣ እኔ ብቻ ነኝ የማይሰማኝ አልኩ። የጎማ መንፊያው ጩኸት ጆሮዬን የጨረሰው መስሎኝ እኮ ሰሞኑን ጥጥ ወትፌ ነው የምሠራው» አለኝ። ከጆሮው ጥጡን አውጥቶ አሳየኝ።

ይሉኝታ ሁለት ጤነኛ ሰው ሊያደነቁር ነበር። እስኪያመን ድረስ ሳቅን። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና «ቦታ ሌላ ጋ እፈልጋለሁ» አለ። የአጥሩን ጥግ ለጎማዎቹ ማስቀመጫ ሰጥቼዋለሁ፤ ተጎድቶ አልሄደም። የመስሚያ መሣሪያውን ነገር ተይው። እሁድ ደውዪ፣ ግን ቀስ ብለሽ አውሪ፤ ስትቸኩዪ ድሮም አይገባኝም።

በማግስቱ ያን ሹፌር ፍለጋ ወደ ጭነት መኪናዎቹ ማቆሚያ ሄድኩ። መኪናው ጥግ ይዞ ቆሟል። ሌላ ጋራዥ ውስጥ ነዳጅ የሚረጩትን ኖዝሎች ሁሉ ቀይረውለት ድምፁ አልጠፋም፤ ሰውየው ግራ ገብቶት ነበር። አስነሳው አልኩት። ካቻቢቴውን ተከልኩ። ኳ ኳ ይላል፤ እዚያው ቦታ፣ እንደዚያው ወፍራም። «ክራንኩ የሚዞርበት ኩሽኔታ ነው፤ አጥፋው፣ ከዚህ በኋላ አንድ እርምጃ እንዳትነዳው» አልኩት። ጎትተን ጋራዥ አስገባነው። ትናንት ሥሩን ስንከፍተው ኩሽኔታው እንደ ወረቀት ሳስቶ አገኘነው። አንድ ጉዞ ቢጨምር ኖሮ ሞተሩ አይተርፍም፤ ምናልባትም ቁልቁለት ላይ ነበር የሚቆምበት።

ሹፌሩ ኩሽኔታውን በመዳፉ ይዞ አገላበጠው።

«ያን ቀን ግን ምንም አልሰማሁም ብለውኝ ነበር እኮ» አለኝ።

«ሰምቼ ነበር» አልኩት። «የሰማሁትን ትቼ ሰው የሚለውን አመንኩ እንጂ።»

ቱታዬን ቆልፌ መኪናው ሥር ገባሁ።

አጎትሽ